የቩኮማንን ሞተር ማን አቃጠለው?

ቩኮማን ደወለላት። አንድ ዓመት ሙሉ በየመጠጥ ቤቱ ስሟን ሲያጠፋ የከረመው የክርስትና አባቷ፣ እሑድ የመኪና ውድድር ሊኖር ሐሙስ ጠዋት ደውሎ፣ እንደምን አደርሽ እንኳ ሳይል «ነይ፤ መለኪያውና ኮምፒውተሩ አልተግባቡልኝም» አላት። በዚያ ሸለቆ የክርስትና አባት ሲጠራ አይቀርም። ቂም ቢኖር እንኳ ይኬዳል። ደሳንካም «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች። እሺ ያለችው ግን ለክርስትናው ብላ እንዳይመስላችሁ። የዚያን ሰው ጋራዥ ደጃፍ ለመርገጥ ሰበብ ስትፈልግ ዓመት ሞላት። አምና የእሱ መኪና ሞተር ለምን እንደተቃጠለ ማወቅ ነበረባት፤ ያንን ሳታውቅ በዚያ አገር ሞተር ነክታ እንጀራ መብላት አትችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሳንካ የውድድር መኪኖችን ኮምፒውተር የምታስተካክል ሴት ነች። ለሞተሩ ስንት ነዳጅ ከስንት አየር ጋር እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ነች። ነዳጅ ሲያንሰውና አየር ሲበዛበት ሞተር ይግላል፤ ሲብስም ፒስተኑ ይቀልጣል። ይህን የምታስጠነቅቅ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር አለች፤ ጭስ መውጫው ቧንቧ ላይ ታስራ ጭሱን ታሸትና ለመለኪያው ትነግረዋለች፣ መለኪያው ደግሞ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ነዳጅ አንሷል፣ ሲቀንስ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። አሥራ ሁለት ካለ ሰላም ነው። አሥራ ሦስት ካለ በውድድሩ አቀበት ላይ ሞተሩን ተሰናበቱት።

አምና የቩኮማንን ቀይ ዩጎ መኪና ያስተካከለችው ያንን ቁጥር እያየች ነበር። አሥራ ሁለት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሥራ ሁለት። ውድድሩ በሚካሄድበት የክርሽ አቀበት ሦስተኛው ኩርባ ላይ ግን ዩጎው ነጭ ጭስ ተፍቶ ቀጥ አለ፤ ሞተሩ ሲፈታ አንደኛው ፒስተን እንደ ሻማ ቀልጧል። ቩኮማን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጅቷ አቃጠለችብኝ! በእጄ ክርስትና ያነሳኋት ልጅ!» ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዞ ሸለቆውን ዞረ። በሁለት ወር ውስጥ መኪና የሚያመጣላት ሰው ጠፋ። ደሳንካ የውሃ ፓምፕና የሣር ማጨጃ ስትጠግን ከረመች። ከሁሉ የከፋው ግን እሷም ራሷን መጠራጠሯ ነው። ያንን ፋይል ሺህ ጊዜ ከፍታ አይታዋለች፤ ስህተቷን ፈልጋ ፈልጋ አጣችው።

ስትደርስ የቩኮማን ግቢ ሰው በሰው ሆኗል። ጊዜው ፕሪም ተለቅሞ፣ ፈልቶ፣ አረቄ የሚወጣበት ሳምንት ነው። የመዳብ ጋኑ ከጋራዡ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ተጥዷል፤ ከሥሩ እንጨት ይነዳል፣ ዙሪያውን አምስት ስድስት ሰው ጉቶ ላይ ተቀምጦ የደረቀ ሥጋና ቃሪያ እየቆረጠ ይጠባበቃል። ጋኑን የሚጠብቀው ሽማግሌው ኦብራድ ነው፤ የሸለቆው አረቄ ሁሉ በእሱ እጅ ነው የሚወጣው። ከጎኑ ራዶይኮ አለ፤ እሱም ተወዳዳሪ ነው፣ ምላሱ ከመኪናው ይፈጥናል።

«ጎበዝ፣ እሳት ማጥፊያው የት ነው?» ብሎ ጮኸ ራዶይኮ ገና ከበር ሲያያት። «ደሳንካ መጣች!»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ምላስህን ሊያበርድልህ ይችላል፣ አጠገብህ አድርገው» አለችው፣ ሳትቆም።

ቩኮማን ከጋራዡ ውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ዓመት ሳይቀር የክርሽን አቀበት ወጥቷል።

«ዘገየሽ» አላት።

«መንገድ ላይ ሰላምታ ስፈልግ ነው፤ አጣሁት።»

«ነገርሽን ወዲያ አድርጊና ሥራሽን ሥሪ።»

ላፕቶፗን ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር አገናኝታ «አስነሱት» አለችው። አዲሱ ሞተር ተነሣ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መለኪያ አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት ይላል። ላፕቶፑ ላይ ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ይላል። አንድ ሞተር፣ አንድ ጭስ፣ ሁለት ቁጥር። ኮምፒውተሩ የሚያምነው የራሱን ቁጥር ስለሆነ፣ ነዳጁ በዝቷል ብሎ ይቀንሳል። እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ እሑድ ሌላ ፒስተን ያቀልጣል ማለት ነው።

ደሳንካ ዳሽቦርዱ ሥር በደረቷ ገብታ ሽቦዎቹን መከተል ጀመረች።

«ይህን የኔጋቲቭ ሽቦ እዚህ ያሰረው ማነው?»

«ከከተማ ያስመጣሁት ባለሙያ።»

«ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ነው እኮ ያሰረው! የመለኪያው ኔጋቲቭ የኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ ካለበት ቦታ ካልታሰረ ቮልቱ ተዛብቶ ነው የሚደርሰው። ይህንን የማያውቅ ምን ባለሙያ ነው?»

«ቢያንስ ሞተር አላቃጠለም።»

ደሟ ፈላ። ጥርሷን ነክሳ ሽቦውን ፈትታ፣ ጫፉን ልጣ፣ መታሰር ያለበት ቦታ አሰረችው። ከዚያ የኮምፒውተሩን ሰንጠረዥ ከፈተች። ጭራሽ የሌላ መለኪያ ሰንጠረዥ ነው የተሞላበት! መለኪያው «ይህን ያህል ቮልት ማለት ይህን ያህል ቁጥር ነው» ሲል፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ይሰማል። ሰውዬው ሳይገባው ሞልቶ፣ ሳይገባው ሄዷል፤ አሁን ደግሞ ስልኩን አያነሣም።

«ሰንጠረዡን ከመንካቴ በፊት ሴንሰሯ እንደገና ንጹሕ አየር ላይ ትስተካከል» አለችው። «እሷ ትክክል ካልሆነች የእኔ ልፋት ከንቱ ነው።»

«እሱን እኔ አደርገዋለሁ።»

አምናም እንዲሁ ነበር ያለው። መኪናው የእሱ ነው፣ ሴንሰሯን በእጁ ካላደረገ አይወድም። ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ እስኪበርድ ጠበቀና ሴንሰሯን በቁልፍ ፈታት፣ መለኪያውንም ከዳሽቦርዱ ነቅሎ ወሰደ። ከመደርደሪያው ሥር አንድ የፕሪም ሣጥን ጎተተ። ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለ፣ ሽቦው ተበይዶ፣ መሰኪያው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሁሉንም ሰካክቶ ሣጥኑን ብብቱ ሥር አደረገና ወጣ። በጋኑ አጠገብ አለፈ። ሰዎቹን አለፈ። ግቢውን አቋርጦ በፕሪሙ ማሳ ቁልቁል ወረደ፤ መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ የመጨረሻዋ የፖም ዛፍ ሥር ሣጥኑን አስቀመጠ።

ደሳንካ በመጀመሪያ ቩኮማን ጃጀ ብላ ነበር። ቆማ ስታየው ነው እንደ መብረቅ የመታት።

አምና ወደ ማሳው አልወረደም። አምና ልክ በዚህ ሳምንት፣ ይኸው ጋን እየፈላ፣ ዝናብ ስለነበር በሩ ሁሉ ተዘግቶ፣ ቤቱ ዓይን በሚያቃጥል የአረቄ እንፋሎት ታፍኖ፣ ከጋኑ ሁለት እርምጃ ላይ ባለው ጠረጴዛ ነበር ሴንሰሯን ያስተካከለው። በአንድ እጁ ሴንሰሯ፣ በአንድ እጁ ብርጭቆው። «ጨረስኩ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብሏት ነበር። እሷም ሠራች።

ወገኖቼ፣ ያቺ ሴንሰር ንጹሕ አየር ምን እንደሆነ አንዴ ታሸታለች፤ ከዚያ በኋላ የምትናገረው ሁሉ ከዚያ ጋር እያወዳደረች ነው። የአረቄ እንፋሎት እንድታሸት አድርገው «ንጹሕ አየር ማለት ይህ ነው» ካሏት በቃ፣ መዋሸት ሥራዋ ይሆናል። አሥራ ሦስቱን አሥራ ሁለት ትላለች። ደሳንካም አሥራ ሁለት አይታ ነዳጁን ቀነሰች።

ወደ ማሳው ቁልቁል በሩጫ ወረደች።

«ጋሼ ቩኮማን! ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣዎት?»

«አየር ልቀበል።»

«ጠረጴዛው ምን ሆነ? አምና እዚያ አልነበር ያደረጉት?»

ጎንበስ ብሎ መለኪያውን ያያል።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያወቁት?»

«ምኑን?»

«እንዳያሞኙኝ! ይህ ሣጥን ዛሬ አልተሠራም። መቼ ነው ያወቁት?»

ቩኮማን ቀና አለ። አላፈረም፣ ይህን ልንገራችሁ። ሰው ሲነቃበት የሚመጣው ቁጣ ነው ፊቱ ላይ የመጣው።

«በበረዶው ጊዜ። አዲሱን ሴንሰር ስገዛ ወረቀቱን አነበብኩት። ከቤንዚንና ከአልኮል እንፋሎት ይራቅ ይላል። አነበብኩት። እና ምን ይጠበስ?»

«ምን ይጠበስ?» አለችው ቀረብ ብላ። «አሥር ወር! አሥር ወር የሣር ማጨጃ ስፈታ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያልኩ ራሴን ስበላ፣ እርስዎ አውቀው ዝም አሉ?»

«አንቺም እኮ እዚያው ነበርሽ!» ብሎ ጣቱን ቀሰረባት። «ዓይን የለሽም? አፍንጫ የለሽም? ባለሙያ ከሆንሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ይህች አንጀቷን ቆረጠችው፤ እውነት ነበረችና። የክርስትና አባቷ በእጁ ይዞ «ጨረስኩ» ያለውን ነገር «ልክ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ በዚያ አገር ነውር ነው። ስለዚህ አልጠየቀችም። ለሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ሴንሰሯን ከእጁ ነጥቃ እንደገና ታስተካክላት ነበር። ለእሱ ግን አንገቷን ደፍታ ሠራች። ያ ፒስተን የቀለጠው በአክብሮት ነው፣ በሌላ አይደለም።

«እሺ፣ የእኔ ጥፋት አለመጠየቄ ነው» አለች። «እሱን እቀበላለሁ። የእርስዎን ደግሞ እርስዎ ይንገሩ። ዛሬ፣ እዚያ ጋኑ ዙሪያ ለተቀመጡት።»

ቩኮማን ወደ ጢሱ አሻቅቦ አየ። «ሥራሽን ጨርሺ። እናገራለሁ።»

«ቃልዎ ነው?»

«እናገራለሁ አልኩሽ!»

ተመለሱ። ሴንሰሯ ቧንቧው ላይ ታሰረች፣ መለኪያው ቦታው ገባ። ደሳንካ ትክክለኛውን ሰንጠረዥ ሞላች፣ ሞተሩን አስነሣች፣ ጋዝ ሰጠች። መለኪያው አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት፣ ኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት። ሞተሩ ላይ ጫና እየጨመሩ ሸለቆውን ሁለቴ ወጥተው ወረዱ፤ እሱ ይነዳል፣ እሷ ጭኗ ላይ ላፕቶፑን ይዛ ነዳጁን ታስተካክላለች። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ሞተሩ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። የቩኮማን ፊት ሳይወድ በግዱ ፈካ።

ሲመለሱ የመጀመሪያው አረቄ ከጋኑ መንጠባጠብ ጀምሯል። ኦብራድ ለእያንዳንዱ ቀዳለት። ቩኮማን ብርጭቆውን አነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎበዞች» አለ። «ዛሬ ደሳንካ መኪናዬን አስተካክላልኛለች። ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችው። አምና የሆነው ሆነ፤ ልጅ ይሳሳታል፣ ከስህተቱም ይማራል። እኔ የክርስትና አባቷ ነኝና ይቅር ብያታለሁ።»

ኧረ እንዲያው ምን ዓይነት ሰው ነው!

ሰዎቹ ግን «እሰይ! እሰይ!» እያሉ ብርጭቆ አጋጩ። «አባት ማለት እንዲህ ነው!» አለ ራዶይኮ፣ ወደ እሷም ዞሮ «በቃ፣ ይቅር ካለሽ የእኔንም ሰኞ አመጣልሻለሁ» አላት። ሌላውም «የወንድሜንም» አለ። ዓመት ሙሉ የተዘጋባት በር በአንድ ውሸት ወለል ብሎ ተከፈተ። መግባት ብቻ ነው የቀራት። ብርጭቆውን ጨልጣ «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብትል፣ ሰኞ ግቢዋ መኪና በመኪና ነው።

ብርጭቆውን ጉቶው ላይ አስቀመጠች።

«ይቅርታ የምጠየቅ እንጂ ይቅርታ የሚደረግልኝ ሰው አይደለሁም» አለች። «አምና ሴንሰሯን ያስተካከለው እሱ ነው። በሩን ዘግቶ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ጋኑ እየፈላ። የአረቄ እንፋሎት ስላሸተተች መለኪያው ዋሸኝ። ሞተሩን ያቃጠለው እሱ ነው፤ ይህንንም ከበረዶው ጊዜ ጀምሮ ያውቃል። ዛሬ ሴንሰሯን ይዞ እስከ ፖሙ ዛፍ ድረስ ለምን እንደወረደ ጠይቁት!»

ሰዎቹ ይደነግጣሉ፣ ይቆጣሉ፣ ቢያንስ «እውነት ነው?» ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ራዶይኮ ጫማውን ያያል። አንዱ ቃሪያ መቁረጥ ጀመረ።

«እናውቃለን፣ ደሳንካ» አለ ኦብራድ በመጨረሻ።

«ምን?»

«እናውቃለን። በበረዶው ጊዜ ለቅዱስ ኒኮላ ዝክር እዚሁ ቤቱ ተሰብስበን፣ እሱ ራሱ ነው ያጫወተን። ሴንሰሯ ሰክራ ነበር ብሎ አሳቀን። አንቺ ያን ቀን አልመጣሽም።»

ያን ቀን አፍራ ነበር የቀረችው።

«እና... ማንም አልነገረኝም?»

«የክርስትና አባትሽ ነው። በእናንተ መሃል እንዴት እንገባለን? እሱ ይንገራት አልን። መኪና ብናመጣልሽ ደግሞ እሱን ውሸታም ማለት ሆነብን።»

ደሳንካ አንድ በአንድ አየቻቸው። ዓመት ሙሉ የፈለገችው ማስረጃ በእያንዳንዳቸው ኪስ ውስጥ ነበር። አውቀው ነው የበሏት። ራዶይኮማ ጠዋት እሳት ማጥፊያ ብሎ የቀለደው እያወቀ ነው! አፈር ይብላና። እንባዋ መጣ፣ ግን አላሳየቻቸውም፤ ዞራ ወደ ጋራዡ ገባች።

ላፕቶፑን ከፍታ የዛሬውን ሥራዋን አጠፋች፣ ጠዋት ስትመጣ ያገኘችውን የከተማውን ሰው ፋይል መልሳ ጫነች። ኔጋቲቩንም ፈትታ ቀለሙ ላይ መልሳ አሰረችው። ሰዎቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው ያያሉ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ቩኮማን በሩን በትከሻው ሞላው።

«ያገኘሁትን መልሼልሃለሁ።» አንቱታው ቀርቷል፤ ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው፣ አልመለሰችውም። «ስመጣ መኪናህ እንዲህ ነበር። እንዲህ ሆኖ ደግሞ አቀበቱን አይወጣም፣ ታውቃለህ።»

«እሑድ ነው ውድድሩ!»

«የዛሬው ሥራዬ ቅጂ እዚህ አለ። ለመጫን አምስት ደቂቃ ይበቃኛል። አንድ ነገር በል፤ 'ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ' በል። እነሱ እንደሆነ ያውቁታል። አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።»

ቩኮማን ሰዎቹን አየ፣ መኪናውን አየ። አፉን ከፈተ። ኦብራድ ባርኔጣውን አውልቆ «በል እንጂ ቩኮማን» አለው ቀስ ብሎ። ሁሉም ያውቁታል፣ ሁሉም ሰምተውታል፣ ራሱ ነው እየሳቀ የነገራቸው። እንደ ቀልድ ሲሆን ወጥቶለት ነበር። አሁን ግን አልወጣለትም፤ አፉ ተመልሶ ተዘጋ።

«ከቤቴ ውጪ» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ ክርስትና ያነሳሁት ልጅ የለኝም።»

«እኔም ካጣሁህ ዓመት ሆኖኛል» ብላ ላፕቶፗን ዘግታ፣ በመሃላቸው ሰንጥቃ ወጣች።

እሑድ ዕለት በክርሽ አቀበት ሥር አስጀማሪው በድምፅ ማጉያው አሥራ ሰባት ቁጥርን ጠራ። ደግሞ ጠራ። ሦስተኛ ጠራ። ቀዩ ዩጎ አልመጣም። በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ! ከሩቅ የመጣው ተመልካች፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ «ቩኮማን የት ሄደ? ታመመ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። የሚያውቁት ደግሞ ዝም ማለት አልቻሉም፤ አንዱ ለአንዱ፣ እሱም ለሚስቱ፣ ነገሩን ከነሥሩ ማውራት ጀመሩ። እስከ ምሳ ሰዓት ድፍን ሸለቆው አወራው።

ሰኞ ጠዋት የደሳንካ በር ተንኳኳ። ራዶይኮ ነው፣ መኪናውን ተጎታች ላይ ጭኖ። ደሳንካ በሩን አልከፈተችም፤ በአጥሩ ላይ እያየችው ቆመች።

«ምን ፈለግህ?»

«እንዳልኩሽ... መኪናዋን ይዤ መጣሁ።»

«አምና ለምን አላመጣሃትም?»

«ተይ እንጂ ደሳንካ። ታውቂው የለ እንዴ።»

«ካንተ አፍ ልስማው።»

ራዶይኮ ግራና ቀኝ አየ። ጎረቤቷ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እጇን አቆመች። አንድ ነገር አጉረመረመ።

«አልሰማሁህም።»

«ሞተሩን ያቃጠለው ቩኮማን ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ያ ምላሱ የሚፈጥን ሰውዬ ላብ አጠመቀው። «እኛም እያወቅን ዝም አልን። እኔም አውቄ ቀለድኩብሽ። ይኸው፣ ተባለ!»

ደሳንካ የበሩን መወርወሪያ ሳበችና ከፈተችለት። አላመሰገነችውም፣ አልሳቀችለትም። ተጎታቹ ሲገባ ከኋላው መንገዱ ዳር ሌሎች ሁለት መኪኖች ሞተራቸውን አጥፍተው ቆመው አየች። ነጂዎቹ ሁሉንም ሰምተዋል።

በሩን መልሳ ያዘችው።

«እናንተስ?» አለቻቸው።